ጥርስን የሚያንቀሳቅሰው አጥንት ነው



ዛሬ ስለ አንዲት ትንሽ ብሎን ልነግራችሁ ነው የመጣሁት። ውፍረቷ ከ1.2 እስከ 2 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቷ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ነው። የምትሠራው በአብዛኛው ከቲታኒየም ቅይጥ ነው። ጥርስ በሚስተካከልበት ጊዜ ድዱን አልፋ በመንጋጭላ አጥንት ላይ ትተከላለች፤ ጥርሱን የሚስበው ላስቲክ ወይም ሞላ ከእሷ ጋር ይታሰራል፤ ሥራዋን ስትጨርስ ተፈትታ ትወጣለች፤ ቀዳዳዋንም አዲስ አጥንት ይደፍነዋል። በእኔ ግምት የጥርስ ማስተካከል ሙያችን ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ካገኛቸው መሣሪያዎች ይህችን የሚያህል የለም። ነገር ግን ስለ እሷ ብቻ ብናገር የነገሩን ሥር ስቼ ቅርንጫፉን መያዝ ይሆንብኛል። ብሎኗ ጥርስ አታንቀሳቅስም። ብሬሱም፣ ሽቦውም፣ ላስቲኩም አያንቀሳቅሱም። ጥርስን የሚያንቀሳቅሰው አጥንት ነው። ስለዚህ ከአጥንቱ ልጀምር።

አጥንት ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ከሥጋ ተለይቶ የደረቀው ነው። በሕይወት ያለ ሰው አጥንት ግን ደም የሚዘዋወርበት፣ ቀን ከሌት የሚፈርስና መልሶ የሚገነባ አካል ነው። ከአንድ አዋቂ ሰው አጽም ውስጥ በየዓመቱ 10 በመቶ ያህሉ እንደሚታደስ ይገመታል። ኦስቲዮክላስት የሚባሉት ሕዋሳት አሮጌውን አጥንት በአሲድና በኢንዛይም ያሟሟሉ፤ ኦስቲዮብላስት የሚባሉት ደግሞ በቦታው አዲስ ያነጥፋሉ። ማፍረሱ በጥቂት ሳምንታት ያልቃል፤ መገንባቱ ግን ወራት ይወስዳል። ይህን የጊዜ ልዩነት ያዙልኝ፤ በኋላ ይጠቅመናል። በአጥንቱ ውስጥ ተከበው የሚኖሩ ኦስቲዮሳይት የሚባሉ ሌሎች ሕዋሳትም አሉ። ከአጥንት ሕዋሳት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት እነሱ ናቸው፤ በአጥንቱ ላይ የሚያርፈውን ጫና እየለኩ የት እንደሚፈርስና የት እንደሚገነባ ያመለክታሉ። ጀርመናዊው ሐኪም ዩሊየስ ቮልፍ አጥንት ቅርጹን ከሚሸከመው ጫና ጋር እንደሚያስማማ የጻፈው በ1892 ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራቸው።)

አሁን ወደ ጥርስ እንምጣ። ጥርስ ከአጥንት ጋር አልተጣበቀም። በሥሩና በአጥንቱ መካከል ውፍረቱ ሩብ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ የጅማት ሽፋን አለ። ስስ ቢሆንም የደም ሥር፣ ነርቭ፣ ፈሳሽና ብዙ ዓይነት ሕዋስ ይዟል። ቆሎ ስንቆረጥም ጫናውን የሚችለው፣ በምግብ ውስጥ የገባች ጠጠር ስትነካን ወዲያው የሚያስደነግጠን እሱ ነው። ጥርስ ወደ አንድ አቅጣጫ በዝግታና ያለማቋረጥ ሲገፋ፣ ጅማቱ በፊት በኩል ይጨመቃል፤ በኋላ በኩል ይወጠራል። በተጨመቀው በኩል የደም ፍሰቱ ይቀንሳል፤ በሰዓታት ውስጥ ፕሮስታግላንዲንን የመሰሉ ኬሚካሎች ይመነጫሉ፤ ራንክል የሚባለው ፕሮቲን ይበረክትና ኦስቲዮክላስቶችን ይቀሰቅሳል፤ እነሱም ከፊት ያለውን አጥንት ማፍረስ ይጀምራሉ። በተወጠረው በኩል ኦስቲዮብላስቶች አዲስ አጥንት ያነጥፋሉ። ጥርሱ የተቀመጠበት ጉድጓድ ራሱ ከፊት እየፈረሰ፣ ከኋላ እየተሠራ ይጓዛል ማለት ነው። ጥርሱ ጉድጓዱን ተከትሎ ይሄዳል እንጂ አጥንቱን ሰንጥቆ አያልፍም።

ይህን በማይክሮስኮፕ በሚገባ ያሳየው ስዊድናዊው ካርል ሳንድስቴት ነው፤ በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ላይ በውሾች ጥርስ ሞክሮ። የእሱ ግኝት ለበሽተኛም ለሐኪምም እስከ ዛሬ ትምህርት ሆኖ ይኖራል። ኃይሉ ቀላል ሲሆን አጥንቱ ከጅማቱ በኩል ቀጥታ ይፈርሳል። ኃይሉ ሲበዛ ግን ጅማቱ ውስጥ ያሉት የደም ሥሮች ጨርሰው ይዘጋሉ፤ በዚያ ቦታ ያሉ ሕዋሳት ይሞታሉ፤ አካባቢው መስታወት መሰል ሆኖ ይቀራል። የሞተ ነገር ደግሞ አያፈርስም፣ አይገነባም። ጥርሱ ባለበት ይቆማል። ሰውነት ከሞተው ቦታ ጀርባ ዞሮ አጥንቱን ከውስጥ እየቦረቦረ እስኪደርስ ድረስ ቀናትና ሳምንታት ያልፋሉ፤ ሕመሙ ይበረታል፤ የጥርሱ ሥርም አብሮ ሊሟሟ ይችላል። በ1932 ሽዋርትዝ የተባለ የኦስትሪያ ሊቅ ተስማሚው ኃይል ከደቃቅ የደም ሥሮች ግፊት መብለጥ የለበትም አለ፤ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር የሥር ገጽ ከ20 እስከ 26 ግራም መሆኑ ነው። ቁጥሩ ከዚያ ወዲህ ቢያከራክርም ሐሳቡ ጸንቷል። አንድን ጥርስ ወደ አጥንቱ ወደ ውስጥ ለመመለስ እኛ የምንጠቀመው ከ10 እስከ 20 ግራም ብቻ ነው። «ዶክተር፣ ጠበቅ ያድርጉልኝና ቶሎ ይለቅልኝ» ለሚለኝ ሰው ሁሉ መልሴ ይኸው ነው፤ ባጠበቅሁት መጠን ይዘገያል።

በተስማሚ ኃይል ጥርስ በወር አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይጓዛል። አንዳንዱ ከዚህ ይፈጥናል፣ አንዳንዱ ይዘገያል።

እንግዲህ የዚህች ብሎን ጥቅም የሚገባው አንድ አሮጌ ችግራችን ሲታወቅ ነው። ኒውተን ለእያንዳንዱ ኃይል እኩልና ተቃራኒ አጸፋ አለው ብሏል፤ አፍ ውስጥም ከዚህ ሕግ ማምለጫ የለም። ጣና ላይ በሁለት ታንኳ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች አንድ ገመድ ይዘው አንደኛው ቢስብ፣ ሁለቱም ታንኳዎች ወደ መሐል ይመጣሉ፤ ገመዱ ዳር ከበቀለ ዛፍ ጋር ከታሰረ ግን የሚንቀሳቀሰው ታንኳው ብቻ ነው። ገጣጣ የሆነ ሰው ስናክም ብዙ ጊዜ ከክራንቻው ቀጥሎ ያለውን ጥርስ እንነቅልና የፊት ጥርሶቹን ወደ ተለቀቀው ቦታ እንስባለን። የተለቀቀው ቦታ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የምንስበው ግን ከኋላ ያሉትን መንጋጋ ጥርሶች ተደግፈን ስለሆነ፣ እነሱም ወደ ፊት ይመጣሉ። ከ7 ሚሊ ሜትሩ ሁለቱን ወይም ሦስቱን መንጋጋዎቹ ከበሉት፣ ለፊት ጥርሶቹ የሚተርፈው ያንኑ ያህል ያነሰ ነው። ሰውየው ሁለት ዓመት ብሬስ አስሮ፣ ሁለት ጤነኛ ጥርስ አስነቅሎ፣ ከንፈሩ አሁንም አልገጥም ሊለው ይችላል።

ለዚህ ችግር ለረጅም ጊዜ የነበረው ዋነኛ መፍትሔ ከአፍ ውጭ ነበር፤ ከራስ ቅል ወይም ከማጅራት ጋር የሚታሰር ቀበቶ፣ ከፊቱ ላይ ብረት የወጣለት። የሚሠራው በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት ሲታሰር ነው። የ12 ዓመት ልጅ ይህን በየቀኑ፣ ለወራት እንዲያደርግ ይጠየቅ ነበር። ብዙዎቹ አላደረጉትም፤ ሕክምናው ሲበላሽም ጥፋቱ በልጁ ላይ ይላከክ ነበር። እኔ ይህን ፍርድ ትክክል ነው ብዬ አላምንም። የሕክምናው ውጤት በአንድ ሕፃን ፈቃድና ትዕግሥት ላይ ብቻ ከተንጠለጠለ ጉድለቱ የመሣሪያው ነው።

ዳር ያለውን ዛፍ ፍለጋው ረጅም ነበር። በ1945 ጌይንስፎርዝና ሂግሊ የተባሉ አሜሪካውያን ቪታሊየም ከተባለ ቅይጥ የተሠሩ ብሎኖችን በውሾች መንጋጭላ ላይ ተክለው ጥርስ ለመሳብ ሞከሩ። ብሎኖቹ ከ16 እስከ 31 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ ሁሉም ላሉ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ብረቱና አተካከሉ አልነበሩም። በ1952 ደግሞ ፔር ኢንግቫር ብሮኔማርክ የሚባል ስዊድናዊ ተመራማሪ በጥንቸል እግር አጥንት ውስጥ የደም ዝውውርን ለማየት ከቲታኒየም የተሠራ መመልከቻ ተከለ። ጥናቱ ሲያልቅ መመልከቻውን ሊያወጣው አልቻለም፤ አጥንቱ ከብረቱ ጋር ተዋህዶ ነበር። ብሮኔማርክ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነበር፤ ያገኘውን ግን አላለፈውም። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚተከሉት ሰው ሠራሽ ጥርሶች የተወለዱት ከዚያ ነው፤ የመጀመሪያው ሰው የታከመው በ1965 ነበር።

በ1983 ክሪክሞርና ኤክሉንድ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች በአንድ ታካሚ ላይ ከአፍንጫ ሥር ባለው አጥንት ላይ አንዲት ብሎን ተክለው፣ ከልክ በላይ የወረዱ የላይኛው የፊት ጥርሶችን 6 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ላይ መለሱ። ብሎኗ እስከ መጨረሻው አልላላችም። ሙያው ግን ወዲያው አልተከተላቸውም። በ1997 ጃፓናዊው ሪዩዞ ካኖሚ ውፍረታቸው 1.2 ሚሊ ሜትር ብቻ በሆነ፣ በጥርሶች ሥር መካከል መግባት በሚችሉ ብሎኖች መጠቀም እንደሚቻል አሳየ። ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያው በጃፓን፣ በሰንዳይ ከተማ ኡሜሞሪና ሱጋዋራ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በትናንሽ የቲታኒየም ሳህኖች የታችኛውን መንጋጋ ጥርሶች ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ወደ አጥንቱ ዝቅ አደረጉ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ። የፊት ጥርሳቸው የማይገጥም ሰዎች አሉ፤ ኋላው ሲነክስ ፊቱ ክፍት ይቀራል፤ ዳቦ ገምጠው መቁረጥ አይችሉም። መንጋጋዎቹ ጥቂት ሚሊ ሜትር ዝቅ ሲሉ ግን አገጭ ወደ ላይ ይዞራል፣ ፊቱ ይገጥማል። ከዚያ በፊት ከባድ ለሆነው ዓይነት ያለው ምርጫ በአብዛኛው መንጋጭላን ቆርጦ መግጠም ነበር። ብዙ ሰዎችን ከዚህ ቀዶ ሕክምና ያዳነው ይህ ሥራ ነው።

ብሎኗ ለምን ትጸናለች? መልሱ ቀድሞ ከነገርኳችሁ ይወጣል። ጥርስ የሚሄደው ጅማት ስላለው ነው። በአደጋ ወይም በሌላ ምክንያት ጅማቱ ጠፍቶ ሥሩ ከአጥንት ጋር የተጣበቀ ጥርስ የፈለግነውን ያህል ብንስበው አይነቃነቅም። ብሎኗም ጅማት የላትም፤ ቀላሉ ኃይል ሲስባት በዙሪያዋ ያለው አጥንት ለጥርስ የሚሰጠውን ምላሽ አይሰጥም። ያ ራሱ አጥንት፣ በዚያው አፍ ውስጥ፣ ለአንዱ መንገድ ይከፍታል፤ ሌላዋን አጽንቶ ይይዛል። እኛ የምንጠቀመው ይህን ልዩነት ነው።

ቢሆንም ብሎኗ ፈጽማ አትነቃነቅም ማለት አይደለም። የታይዋኑ ኤሪክ ሊዩ ከባልደረቦቹ ጋር በ2004 ባሳተመው ጥናት፣ ኃይል የተጫነባቸው ብሎኖች ሳይላሉ በአንዳንድ ታካሚዎች ላይ እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር መዛወራቸውን አሳይቷል፤ ስለዚህ በብሎኗና በጥርስ ሥር መካከል የ2 ሚሊ ሜትር ርቀት እንዲተው መክሯል። መውደቅም አለ። ብዙ ጥናቶችን በአንድነት የመረመረ አንድ የ2012 ጽሑፍ ከ100 ብሎኖች 13 ወይም 14 ያህሉ ጊዜያቸውን ሳይጨርሱ እንደሚላሉ አስልቷል። ብሎኗ በተተከለች ዕለት የሚይዛት ጠመዝማዛ ጠርዟ አጥንቱን መንከሱ ብቻ ነው። በቀጣዮቹ ሳምንታት በዙሪያዋ የተጎዳው አጥንት ይፈርሳል፤ አዲሱ ገና አልደረሰም፤ ማፍረስ ፈጣን፣ መገንባት ዘገምተኛ ነው ያልኳችሁ እዚህ ላይ ይታያል። የምትላላው በአብዛኛው በእነዚህ የመጀመሪያ ወራት ነው። ሐኪሙ አጥንቱን ሲበሳ ካጋለውም አደጋ ነው፤ አጥንት በ47 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለአንድ ደቂቃ ብቻ ቢቆይ ይጎዳል። የጥርስ ሥር ከነካች፣ ድዱ ካበጠ፣ ታካሚው በዙሪያዋ ካላጸዳ፣ ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ፣ የመላላቷ ዕድል ይጨምራል። ብትላላም ነገሩ አያስደነግጥም፤ ትወጣና ሌላ ቦታ ትተከላለች። መትከሉ ራሱ በጥቂት ማደንዘዣ በደቂቃዎች ያልቃል፤ ብዙዎች ከጥርስ መነቀል ያነሰ ሕመም ነው ይላሉ።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር። ብሎኗ የትኛው ጥርስ እንደሚሄድና የትኛው እንደሚቆም እንድንመርጥ አስችላናለች፤ አጥንቱን ግን አላፈጠነችውም። በስድስት ወር እጨርስላችኋለሁ የሚል ማስታወቂያ ስታዩ፣ ከባድ መጣበብን ወይም ገጣጣን በዚያ ጊዜ የሚያስተካክል አጥንት እንደሌለ አስታውሱ። አጥንቱ የሰውየው ነው፤ ጤናውም፣ የሚወስደው መድኃኒትም ይነካዋል። ለአጥንት መሳሳት የሚሰጡት ቢስፎስፎኔት የሚባሉ መድኃኒቶች ኦስቲዮክላስቶችን ስለሚያዳክሙ ጥርሱ ሊቆም ይችላል፤ በመንጋጭላ አጥንት ላይም ጉዳት ሊያመጡ ይችላሉ። እናቶቻችን ብሬስ ማሰር በሚጀምሩበት በዚህ ዘመን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አይቡፕሮፌንን የመሰሉ ማስታገሻዎች ፕሮስታግላንዲንን ስለሚቀንሱ፣ ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ጉዞውን ሊያዘገዩ ይችላሉ፤ ለብሬስ ሕመም ፓራሲታሞል የምንመርጠው ለዚህ ነው። ድዱ የታመመ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ድዱን ይታከም። በታመመ ድድ ላይ ጥርስ ማንቀሳቀስ አጥንቱን ያለ ተመላሽ ማፍረስ ነው።

ሕክምናው ሲያልቅም የአጥንቱ ሥራ አላለቀም። ብሬሱ በተፈታ ዕለት በጥርሱ ዙሪያ ያለው አጥንት ገና ለጋ ነው። ጅማቱ ለመደላደል ከ3 እስከ 4 ወር ይፈልጋል፤ አንዳንዶቹ የድድ ክሮች ደግሞ አንድ ዓመት ያህል እስኪያልፍ ድረስ ጥርሱን ወደ ነበረበት ይስባሉ። ጥርሱን በአዲሱ ቦታ የሚይዘውን ሪቴይነር መሳቢያ ውስጥ የጣለ ሰው የሁለት ዓመት ድካሙን ከሪቴይነሩ ጋር አብሮ ጥሎታል።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። በሀገራችን ለውበትም ለጤናም ሲባል በአፍ ላይ የሚደረጉ ሁለት ነገሮች ያሳስቡኛል። አንደኛው ግግ ማስወጣት ነው። ሕፃኑ ሲያተኩሰው ወይም ሲያስቀምጠው ድዱ ይሰነጠቅና ገና ያልወጣው የክራንቻ እንቡጥ፣ ነጭና ለስላሳ ስለሆነ ትል ነው ተብሎ ይወጣል። ከሥሩ ያለው የቋሚው ክራንቻ እንቡጥም አብሮ ይጎዳል። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ልጆች ላይ የተደረጉ የጥርስ ምርመራዎች ጉዳቱን መዝግበውታል፤ የጠፉ ክራንቻዎች፣ የተበላሹ አጎራባች ጥርሶች፣ ወደ አንድ ጎን የዞረ የፊት መስመር። ጥርስ በሌለበት ደግሞ አጥንቱም በሚገባ አያድግም፤ መንጋጭላው በዚያ በኩል ይሳሳል። እነዚህ ልጆች አድገው ሲመጡ ክፍተቱን ለመዝጋት ወይም የተጣመመውን ክራንቻ ከላንቃ ላይ ለመሳብ እነዚህን ብሎኖች እንጠቀማለን፤ ብሎኗ ባትኖር ኖሮ ጤነኞቹ ጥርሶች ይጣመሙ ነበር። ይህ ሁሉ ድካምና ወጪ ግን የሚመጣው በደቂቃ ውስጥ፣ ያለ ማደንዘዣ፣ ንጹሕነቱ ባልታወቀ ስለት ከሚፈጸም ነገር ነው። ሕፃኑን በደም መመረዝና በደም መፍሰስ ሊገድለውም ይችላል። የታመመን ሕፃን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ድዱን አታስነኩ።

ሁለተኛው ወጣቶችን ይመለከታል። ፍንጭት በእኛ ዘንድ ውበት ነው፤ ፍንጭት ያለውን ሰው ልዝጋልህ ከማለቴ በፊት ፍላጎቱን እጠይቃለሁ፤ የሥራ ባልደረቦቼም እንዲጠይቁ እለምናለሁ። ልዝጋው የሚል ደግሞ በራሱ እጅ እንዳይሞክረው። ሁለቱን የፊት ጥርሶች በተራ ላስቲክ አንድ ላይ ማሰር ክፍተቱን በቀናት ሊያጠብበው ይችላል። ነገር ግን የጥርስ ሥር ወደ ላይ እየቀጠነ ስለሚሄድ ላስቲኩ ሳይታይ ከድዱ ሥር ይንሸራተታል፤ እዚያም ጅማቱንና አጥንቱን እየበላ ወደ ሥሩ ጫፍ ይወጣል። በዚህ መንገድ ሁለት ጤነኛ የፊት ጥርስ ያጡ ልጆች በሕክምና መጽሔቶች በተደጋጋሚ ተዘግበዋል። ያ ላስቲክና እኛ የምንጠቀምበት ላስቲክ አንድ ዓይነት ጎማ ነው፤ ልዩነቱ የታሰረበት ቦታና ስለ አጥንቱ ያለው ዕውቀት ነው።

ስለዚህ ብሬስ ለማሰር ወይም ልጃችሁን ለማሳሰር ስትሄዱ እነዚህን ጠይቁ። ራጅ ተነሥቷል? የድዱ ጤንነት ታይቷል? ስለምወስዳቸው መድኃኒቶች ተጠይቄያለሁ? ጥርስ ከተነቀለ ቦታውን የሚይዘው የትኛው ጥርስ ነው፣ ኋለኞቹ ወደ ፊት እንዳይመጡስ ምን ታስቧል? ብሬሱ ከተፈታ በኋላ ሪቴይነር ለስንት ጊዜ ነው? መልሱ ግልጽ ካልሆነ ሁለተኛ ሐኪም ማማከር መብታችሁ ነው። ልጃችሁም 7 ዓመት ሲሞላው፣ ጥርሱ ቀጥ ብሎ ቢታያችሁ እንኳ፣ አንድ ጊዜ ለጥርስ ሐኪም አሳዩት፤ በዚያ ዕድሜ የመንጋጭላው አጥንት እያደገ ነውና ብዙው ነገር ያለ ብሎን ይስተካከላል።